የተሰወረ አገርና የማይገናኝ ፍቅር፦ በጎጃም ምድር የጀብዱ ልቦለድ አጻጻፍ

የተሰወረ አገር ልቦለድ አጥንቱ ቀላል ነው። አሮጌ ጽሑፍ ይገኛል፤ ጥቂት ሰዎች ጽሑፉን ተከትለው መንገድ ይጀምራሉ፤ ዓለም የረሳው ሕዝብ ዘንድ ይደርሳሉ፤ እዚያም ከሰው ሥርዓት የወጣች አንዲት ሴት ትጠብቃቸዋለች። ጀማሪ ጸሐፊ እነዚህን ለየብቻ ይሠራቸዋል፤ ገደሉን ለጀብዱ፣ መንፈሷን ለፍቅር ይመድባል። መጽሐፉ ከመሐል የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። አንባቢ ገደሉን ሲጨርስ ጀብዱው ያልቅበታል፤ ፍቅሩ ሲጀመር ደግሞ ሌላ መጽሐፍ የገለጠ ይመስለዋል።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከእሱ ይቀዳል። አገሩን የሰወረው ነገርና ሁለቱን የሚለያያቸው ነገር አንድና ያው ይሁን። አገሩን ጉም ሰውሮት ከሆነ እሷ ከጉሙ ውጪ መኖር አትቻል። አገሩን የአባይ ሙላት ዘግቶት ከሆነ ፍቅራቸውም በክረምቱ ይቆረጥ። በ1887 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዛዊው ራይደር ሃጋርድ ልቦለድ «ሺ» (She) እስከ ዛሬ የሚነበበው ይህን ስለጠበቀ ነው። ንግሥቲቱን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያቆያት በዋሻው ያለ እሳት ነው፤ የምትወደው ሰው እንዳይፈራ ብላ ሁለተኛ ስትገባበት የሚያጠፋትም ያው እሳት ነው። የአገሩ ምሥጢር፣ የፍቅሩ ዋጋና የመጨረሻው ምዕራፍ በአንድ ነበልባል ተቋጠሩ።

ጎጃም ለዚህ ስልት እንግዳ አገር አይደለም። ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው መቶ ዘመን አገራችንን አይቶ የጻፈውን ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳተመው፤ በ1759 ደግሞ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ስለተዘጋ የሐበሻ ልዑል የራሱን ልቦለድ ጻፈ። ከዚያ ሁሉ በፊት በግዕዝ መጻሕፍታችን የመናኙ የዞሲማስ ዜና አለ፤ ወንዝና የደመና ግድግዳ የጋረዷት ብሔረ ብፁዓን፣ የብፁዓን አገር፣ ያለችበት። ስለዚህ የምትጽፉት ከባሕር ማዶ የተዋሰ ነገር ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ። ከባሕር ማዶው ልማድ ግን አንድ ነገር መጣል አለበት። በድሮዎቹ መጻሕፍት ጀግናው ከሩቅ የመጣ ነጭ ነው፤ የአገሬው ሰው ተሸካሚ ወይም አስፈሪ ነው፤ ያማረው ሕንፃም «ሌላ ዘር የሠራው» ይባላል። በጎጃም ሲጻፍ ተጓዡ የአገሩ ልጅ፣ የተሰወረውም ሕዝብ የገዛ ዘመዱ ይሁን። ያን ጊዜ ጥያቄው «እነዚህ እነማን ናቸው?» መሆኑ ይቀርና «እኛስ እዚያ ቀርተን ቢሆን ምን እንመስል ነበር?» ይሆናል፤ ይኼኛው ጥያቄ ብዙ ይጠልቃል።

ቦታና ዘመን

አራት ዓይነት ቦታ አለ። የአባይ ሸለቆ በሁለት ገደል መካከል የተንጠለጠለ ሜዳ ሊሰጣችሁ ይችላል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጉም፣ ውርጭና ጅብራ የሚባል የደጋ ተክል አለው። በእንጅባራ አካባቢ እንደ ዘንገና ያለ ክብ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። ጣና ደሴቶች አሉት፤ አንዳንዶቹም እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማትገባባቸው ገዳማት ናቸው። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ሸለቆውን ወይም ጮቄን እንመርጣለን። ጣና ሁልጊዜ ታንኳ የሚመላለስበት ውኃ ስለሆነ ደሴት «ተረስቶ ነበር» ቢባል የባሕር ዳር አንባቢ አያምንም። ገዳም ከመረጣችሁ ስሙን ራሳችሁ አውጡለት፤ በስም በሚታወቅ ገዳም ላይ ኃጢአትና ምትሐት መለጠፍ ሰው ያስቀይማል፣ መጽሐፉንም አይጠቅምም።

ዘመኑ ዛሬ ከሆነ ሳተላይት ገደሉን ከላይ ያየዋል። ስለዚህ ወይ ሜዳውን ከተሸከመ አለት ሥር ደብቁት፣ ወይ ዘመኑን ወደኋላ ውሰዱት። ለጎጃም እጅግ የሚመቸው 1922 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ይገዙ ነበር። ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቆንሲል ቺዝማንም የአባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ያነሳ የነበረው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ማለትም ሸለቆው በካርታ ላይ ገና ባዶ ነበር። ጠመንጃው ውጅግራ ይሁን። ውጅግራ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነው፤ ጀግናው ከሳተ እንደገና እስኪያጎርስ ያለችው ጊዜ ራሷን የቻለች ትዕይንት ትሆናለች። ገንዘቡ ጠገራ ብር ነው።

ሕዝቡ መቼ ተዘጋ? የግራኝ ጦርነት ዘመን (1521–1535 ዓ.ም.) በቂ ምክንያት አለው፤ ሰው ታቦትና መጽሐፍ ይዞ ወደ ገደል የሸሸበት ጊዜ ነው። እኛ እዚህ 1530 ዓ.ም.ን እንያዝ። 392 ዓመት የተዘጋ ሕዝብ አለን ማለት ነው።

የሌላቸው ነገር ካላቸው ይበልጣል

አብዛኛው ጸሐፊ የተሰወረውን አገር በወርቅና በሐውልት ይሞላል። አንባቢን የሚያሳምነው ግን እዚያ የጠፋው ነገር ነው። በ1530 የተዘጋ ሕዝብ በቆሎ አያውቅም፣ ድንች አያውቅም፣ በርበሬ አያውቅም፤ ሦስቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ባሕር ዛፍ አላየም፤ እሱ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ የቤታቸው ወጋግራ ጽድ ወይም ወይራ ነው፣ ወጡም አልጫ ነው፤ የሚያቃጥላቸው ቢኖር ሚጥሚጣ ሳይሆን ዝንጅብልና ሰናፍጭ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተሳስታችሁ ቀይ ወጥ ካቀረባችሁ መጽሐፉ እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ ጨው። ለአንድ ሰው በዓመት 2 ኪሎ ብቻ ብንይዝ 300 ሰው 600 ኪሎ ይፈልጋል፤ አንድ በቅሎ በገደል መንገድ 65 ኪሎ ቢጫን ዘጠኝ በቅሎ ያህል ጭነት ነው፤ ከብቱ ሳይቆጠር። ጎጃም ጨው አያወጣም። አሞሌው ከአፋር ተነስቶ በብዙ እጅ ያልፍና በየጁቤ በኩል እንደ ባሶ ባለ ገበያ ይሸጥ ነበር። የተሰወረው ሕዝብ ጨው ከየት አመጣ? መልስ ካልሰጣችሁ ቀዳዳ ነው፤ መልስ ከሰጣችሁ ግን ታሪክ ይሆናል። በየትውልዱ አንድ ሰው ብቻ በሌሊት እየወጣ ማር በጨው የሚለውጥ ይኑር። ገበያው ውስጥ ማንም የማያውቀው፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ሳትወጣ የሚሄድ፣ ንግግሩ እንደ ዳዊት ደጋሚ የሆነ ሰው። ጀግናችሁ ፍለጋውን ከእሱ ይጀምር።

እህሉንም ቁጠሩ። ለአንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል ቢያዝ 300 ሰው 600 ኩንታል ይበላል። ከሄክታር 8 ኩንታል ቢገኝ 75 ሄክታር የታረሰ መሬት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሄክታር በአራት ጥማድ ሒሳብ 300 ጥማድ መሆኑ ነው። ዘሩን፣ ያደረውን መሬትና ግጦሹን ስትጨምሩ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ግድ ነው። «ሙሉ ከተማ በዋሻ ውስጥ» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ዋሻው ቤተ መቅደስ ይሁን፣ እርሻው ግን ፀሐይ ይይ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምንወደው፣ የቀን አቆጣጠር። ከሸሹት መካከል ባሕረ ሐሳብ የሚያውቀው አንድ ደብተራ ነበር እንበል፤ ሳያስተምር ሞተ። የቀሩት ዓመቱን 365 ብለው ቆጠሩ፤ በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ስድስተኛዋን ጳጉሜን ዘነጉ። ከ1530 እስከ 1921 ባለው ጊዜ 98 ስድስተኛ ጳጉሜን አልፋለች። ስለዚህ እነሱ የ1922ን እንቁጣጣሽ የሚያከብሩት በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1921 ነው። ምድሩ ደርቆ፣ አደይ አበባ የሚባል ሳይኖር፣ ልጆቻቸው «አበባየሁ» ሊሉ በባዶ እጃቸው ይወጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሁለቱ ፍቅረኞች ሲለያዩ «ለእንቁጣጣሽ እዚህ ድንጋይ ላይ እንገናኝ» ይባባሉ። እሷ በእሷ መስከረም 1 ትመጣለች፤ እሱ በእሱ። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ፣ ሁለቱም አልተገናኙም። ክህደት የለ፣ ክፉ ሰው የለ። አገሩን የሰወረው ዘመን ራሱ ለያያቸው። በመካከሉ ያለው 98 ቀን ደግሞ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ስለሚውጥ አባይ ሞልቶ ማንም ማንንም ሊፈልግ አይሻገርም።

ብራናው

መነሻው «ካርታ» አይሁን። የአገራችን ሰው ሀብት የጠቆመው በካርታ አልነበረም። በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ የጉልት መሬት ስምና ግብር መመዝገብ ግን የታወቀ ልማድ ነው። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት የጉልት አገሮች የተዘረዘሩበት ቅጠል ይኑር፤ ዐሥራ አንዱን ሁሉም ያውቃቸዋል። ዐሥራ ሁለተኛው «በየዓመቱ ሁለት ጉንዶ ማር» ይላል፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ግን የለም። ምሥጢሩ ትንሽ፣ ደረቅና የመዝገብ ሽታ ያለው ሲሆን ይታመናል።

የብራናን ሥራ ካወቃችሁ ፍንጩ ራሱ ይወለዳል። አንድ ጥራዝ ብዙ ጊዜ አራት ቁራጭ ብራና ታጥፎ ስምንት ቅጠል ይሆናል። አንደኛው ቅጠል ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር አንድ ቆዳ ነው። አንድ ሰው ሁለተኛውን ቅጠል ቢቀድ ሰባተኛው ይላላል። ጀግናዋ የየኔታ ልጅ ናት እንበል፤ ሰባተኛው ቅጠል በጣቷ ሲወዛወዝ ሁለተኛው እንደተወሰደ ታውቃለች። ማንም አልነገራትም፤ ቆዳው ነገራት።

ሁለተኛው ፍንጭ ቀለሙ ነው። በብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የማርያምና የቅዱሳን ስም፣ አንዳንዴም የመጽሐፉ ባለቤት ስም ነው። የመሬት ስም በጥቁር ይጻፋል። ዐሥራ ሁለተኛው ስም ግን ቀይ ነው። አንባቢ ለሁለት ምዕራፍ «ይህ አገር የት ነው?» ሲል ይቆያል፤ ከዚያ አንዱ ቀለሙን ያስተውልና «አገር አይደለም፣ ሰው ናት» ይላል። ግብሩ ከአገር ሳይሆን ከሴት ነበር የሚመጣው።

ግጥም ወይም ቅኔ ማስገባት የማይፈልግ የለም፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። መጀመሪያ ግጥሙን ጽፎ ኋላ ምሥጢር መፈለግ አይሆንም። ቀድማችሁ ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል ያዙ፤ ኅብረ ቃሉ ይምጣ፣ ቤቱ ኋላ ይደርሳል። «አባይ» ወንዝም ነው፣ ውሸታምም ነው። ከዚያ፦

እመጣለሁ ብላ ከቀረች በመንገድ፣
አባይ ነው ይላሉ የዚያች ልጅ ዘመድ።

ሰሙ የቅያሜ ነው፤ ቃሏን ያልጠበቀች፣ የውሸታም ዘር። ወርቁ ግን እውነተኛ መረጃ ነው፤ ዘመዷ ወንዙ ነው፣ የምትገኘውም እዚያ ነው። ስድስት ስድስት ቤት ነው፤ በአዝማሪ አፍ ሊዘፈን ይችላል። ይህ የአማርኛ ግጥም ነው። የግዕዝ ቅኔ ማስገባት ከፈለጋችሁ ግን የጎንጅ ወይም የዋሸራ ተማሪ የነበረ ሰው ይቁጠርላችሁ፤ በጎጃም አንባቢ ፊት ቤት የጎደለው ቅኔ አያልፍም።

መንገዱ

የመንገዱ ምዕራፎች ኃይላቸው ከቁጥር ነው። በደጀን በኩል ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር ወንዙ ዳር ከአፋፉ ይልቅ ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ ይሞቃል። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ጋቢውን በቅሎ ላይ ይጥላል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር «ሙቀቱ ጨመረ» ብላችሁ አትለፉት፤ በልብስ፣ በዛፍና በድምፅ አውርዱት። ላይ ጽድና ኮሶ፣ ዝቅ ሲል ግራርና ዋንዛ፣ ከታች እጣን የሚወጣው ዛፍ። ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ከታች የሚንጫጫ ነፍሳት።

ስንቅ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶና ሩብ ኪሎ ቆሎ ብትይዙለት አያልቅበትም፤ አራት ሰው ለዐሥራ ሁለት ቀን 36 ኪሎ ይሆናል፣ አንዲት በቅሎ ትችለዋለች። ስለዚህ በዘጠነኛው ቀን በቅሎዋ ገደል ብትገባ የጠፋው ምን ያህል ቀን እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይቆጥራል። ቁጥሩን ቀደም ብላችሁ ካልሰጣችሁት ግን የበቅሎዋ መሞት ጩኸት ብቻ ነው።

ንዳድ ሌላው ነው። በቆላው የወባ ትንኝ የነከሰችው ሰው የሚታመመው እዚያው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 14 ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ያደረ ሰው ትኩሳቱ የሚይዘው በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ይኸውም የተሰወረው አገር ከገባ በኋላ። እንግዳ ሆኖ በገባ ማግሥት ሲያቃዥ የአገሩ ሰው «የኛን ሴት በማየቱ ተመታ» ይላል፤ ጓደኛው «ንዳድ ነው» ይላል። ሁለቱም ፍቺ ሳይዘጋ እስከ መጨረሻው ይሂድ። መንፈሳዊው ነገር እንዲህ ባለ ስንጥቅ ሲገባ ነው የሚያስፈራው።

ትልቁ ጥፋት መንገዱን ማርዘም ነው። መጽሐፉ 60,000 ቃል ቢሆን የመጀመሪያው ምልክት (ብራናው ወይም የጨው ነጋዴው) ከ3,000ኛው ቃል በፊት ይታይ፣ በሩን ከ15,000 በፊት ይለፉ፣ እሷ ከ18,000 በፊት ትናገር፣ የፍቅሩ ዋጋ ከ25,000 በፊት ይታወቅ። ዋጋው ዘግይቶ ከተነገረ አንባቢ የተታለለ ይመስለዋል።

እሷ ማን ናት?

የባሕር ማዶው ስልት የሞተው ፍቅረኛ በሌላ ሰው ተወልዶ መመለሱን ይወዳል። በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ አንባቢ ዘንድ ይህ ሥር አይሰድም፤ ሰው አንዴ ይሞታል ተብሎ ነው የተማረው። በምትኩ የሚሠራው ውርስ፣ አደራና ቃል ኪዳን ነው። ጀግናው የዚያ የጥንቱ ሰው ነፍስ አይደለም፤ ከዘሩ የወረደ የልጅ ልጅ ነው፣ ሰውየው ሳይፈጽም የሞተው አደራ በእሱ ላይ ወድቋል። ሴቲቱም «አንተ እሱ ነህ» አትልም፤ «የእሱ ዕዳ አለብህ» ትላለች። ፍቅር ከዕዳ ሲጀምር ወዴት እንደሚሄድ ማየት ከሪኢንካርኔሽን ይልቅ ያጓጓል።

ለእሷ የሚሆን የአገር ቤት ምንጭ ብዙ ነው። አድባር ከቦታ ጋር የታሰረች ናት፤ ከዛፏ ወይም ከምንጯ አትርቅም። ዛር ሰውን ይመርጣል፣ ይቀናል፣ ግብር ይጠይቃል። ዓይነ ጥላ ትዳር ያሰናክላል ይባላል። ስውራን ደግሞ በጸሎት ከሰው ዓይን የተሸሸጉ ቅዱሳን ናቸው፤ እነሱን ለፍቅር ታሪክ ማዋል ድፍረት ስለሚሆን ተዉት፣ ወይም ጠባቂ አድርጓቸው እንጂ ፍቅረኛ አታድርጓቸው። ከአንዱ ምንጭ አትውጡ። አድባርንና ዛርን ቀላቅሎ እንደፈለጉ ማድረግ አንባቢን ያስታል፤ ምን እንደምትችልና እንደማትችል ሲጠፋበት መፍራቱን ይተዋል።

ጮቄን ከመረጣችሁ አንድ ስጦታ ቆሟል፤ ጅብራ። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ሰብስቦ ይቀመጣል፤ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ዳግመኛ አያብብም። የእሷ ዕድሜ በዚህ ሥርዓት ቢሄድ ያለ ምንም ማብራሪያ ዋጋው ይገባል። ካልወደደች ትኖራለች፤ ከወደደች አንድ ወቅት አላት። ጉሙ ለጅብራው እንደሆነው ለእሷም ነው፤ ከጉሙ መውጣት ደግሞ ማበብ ማለት ነው። ይህን በምሳሌ አትንገሩት። በሦስተኛው ምዕራፍ አንድ እረኛ የደረቀ የጅብራ ግንድ ለማገዶ ሲቆርጥ ያሳዩ፣ «ይሄ አብቦ ጨርሷል» ይበል፣ እለፉት።

ጀግናውን አያሌው እንበለው። የመጀመሪያ መገናኛቸው ላይ መልክ መዘርዘር የተለመደ ስሕተት ነው፦

«እጅግ ውብ ነበረች። ዓይኖቿ እንደ ከዋክብት ያበራሉ። አያሌው ገና እንዳያት ልቡ ተሰወረ።»

ይህች ሴት የትም አገር ልትሆን ትችላለች። አሁን ቀደም ያልነውን የበርበሬ ነገር አምጡት፦

«እሳቱ ዳር ተቀመጠች። ከድርቆሹ ላይ ያለውን ቀይ ነገር በጣቷ ጫፍ ነካችና አየችው።
‹የምን ደም ነው?›
‹በርበሬ ነው እቴ፤ ቅመሽው።›
ቀመሰችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇን ግን ከመሶቡ አላነሳችም።
‹እናንተ እሳት ትበላላችሁ?› አለች።»

እዚህ ስለ መልኳ አንድ ቃል የለም፤ ስለ ዕድሜዋ ግን ሁሉም ተነግሯል። በርበሬን የማታውቅ የጎጃም ሴት! አንባቢው ከአያሌው ቀድሞ ይደነግጣል።

አንቱና አንቺ

ይህ በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የማያገኘው ሀብት ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ሃያ ዓመት የምትመስል፣ አራት መቶ ዓመት የኖረች ሴት ምን ተብላ ትጠራለች? አያሌው ልጅ መስላው «አንቺ» ይላታል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ነጭ ጢም አርዝመው በፊቷ ዝቅ ብለው «አንቱ» ሲሏት ይሰማል። ይደነግጣል፤ ዕድሜዋን ሲያውቅ እሱም «አንቱ» ይላል። እሷን የሚያቆስላት ያ ነው። ለአራት መቶ ዓመት «አንቺ» ያላት ሰው አልነበረም፤ የወደደችው በዚያች ቃል ነበር። እርቃቸው ደግሞ «እወድሻለሁ» በሚል አይደለም፤ «ነይ» በሚል ይሁን። ከ«ይምጡ» ወደ «ነይ» ያለው መንገድ ሙሉ የፍቅር ምዕራፍ ይወጣዋል። ረቂቁን ስትጨርሱ የእሱን ንግግር ብቻ ለቅማችሁ አንቱና አንቺ የት የት እንደተለዋወጠ ምልክት አድርጉ፤ ያለ ምክንያት ከተደባለቀ ይህ ሁሉ ልፋት ይጠፋል።

የቀረው አነጋገር አጭር ነው። የገጠሩን ጎጃሜ ለማሰማት «አየኸ»፣ «መጣኸ» የሚለው «ኸ» እና በአያ፣ በእሜቴ፣ በየኔታ መጥራት ይበቃል፤ እያንዳንዱን ቃል እንደሚሰማው ከጻፋችሁ ንባቡ ይጎረብጣል። ለተሰወረው ሕዝብ ደግሞ ሦስት አራት ቃል በጥንቱ ፍቺው ይቀመጥ። «ወይዘሮ» ድሮ ለነገሥታት ዘር ብቻ የሚባል ነበር። እንግዳው ስለ እናቱ «ወይዘሮ» ብሎ ሲያወራ ጉባኤው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ልዑል የመጣ መስሏቸዋል። ከዚያ ስሕተት ሁለት ምዕራፍ ይወጣል።

አጨራረሱ

የመሬት መንቀጥቀጥ አምጥቶ አገሩን መደርመስ በጣም ያረጀ ማምለጫ ነው፤ ጸሐፊው ቋጠሮውን መፍታት ሲያቅተው ተራራውን ይጥለዋል። በሩ የሚዘጋው በከፈተው ነገር ይሁን። በሩን የከፈተው የጨው ነጋዴው ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ጨው መሸጡ የሚቀርበት ምክንያት ይምጣ። የተቀደደው ሁለተኛ ቅጠል ከሆነ፣ አንድ ሰው ቅጠሉን ከሰባተኛው ጋር መልሶ ይስፋው ወይም እሳት ውስጥ ይጣለው። እሱ እዚያ ቢቀር፣ እሷ ብትወጣ፣ ወይም ሁለቱ በ98 ቀን ቢተላለፉ ሦስቱም ያስኬዳሉ፤ ግን በ25,000ኛው ቃል የተነገረው ዋጋ ሳይቀነስ ይከፈል። «በፍቅራቸው ኃይል ሥርዓቱ ተሻረ» የሚል አንድ መስመር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያፈርሳል።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት ሰው ስጡ። በደጀን ወይም በጮቄ አካባቢ ያደገ ሰው የመንገዱን ምዕራፎች ብቻ ያንብብ፤ «ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉት፣ «በዚህ ወር እዚያ ምን ያብባል? ከዚህ እዚያ በስንት ሰዓት ይደረሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቅኔ የተማረ ሰው ብራናውንና ግጥሙን ይይ። ሦስተኛው ሰው ታሪኩን ጨርሶ ያልሰማ ይሁን፤ እሷ በምትናገርበት ገጽ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነብላችሁ የት ላይ ድምፁ እንደዘገየና የት ላይ እንደቸኮለ ከዳር ላይ በእርሳስ ጻፉ።